ማንቼን ልተው ወይስ ተራ ልቀይር?

ጋሼን ጠይቁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ባጃጅ ነው የምሠራው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። ያስለመደኝ ታላቅ ወንድሜ ነው። እሱ ዓረብ አገር ሄዶ ተገላገለ፣ እኔ ከነጣጣው ቀረሁ። ተራችን ላይ ካሉት ሾፌሮች ከእኔና ከአንድ የሊቨርፑል ልጅ በቀር ሁሉም አርሴናል ናቸው። ማንቼ 15ኛ ሆኖ የጨረሰ ጊዜ የሆንኩትን አልነግርዎትም። ከዚያ ነሐሴ ላይ ደግሞ ግሪምስቢ ታውን በመለያ ምት ጣለን። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ጠፋ። ሁሉም "ግሪምስቢ" ነው የሚለኝ። ባለፈው አንዲት እናት ተሳፍረው "ግሪምስቢ ልጄ፣ ከድልድዩ አለፍ ብለህ አውርደኝ" አሉኝ። የእውነት ስሜ መስሏቸው ነው።

የፊት መስታወቴ ላይ የለጠፍኩትን የማንቼ አርማ ምሳ ስበላ በምላጭ ፍቀው የአርሴናልን የመድፍ አርማ ስቲከር ለጠፉበት። እሱንም ዋጥ አደረግኩት። አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። ማንቼ ቅዳሜ ወይም እሁድ ከተሸነፈ ሰኞ ጠዋት ተራዬ መጨረሻ ይሆናል። ተራ አስከባሪው ራሱ አርሴናል ስለሆነ "ሕግ ነው" ብሎ ይስቃል። በዚያ ላይ የተሸነፈ ማኪያቶ ይጋብዛል ተብሏል። እኔ መቼ ተስማማሁ? ሚስቴ "ለማያውቁህ ፈረንጆች ብለህ ትቃጠላለህ" ትለኛለች። ክለብ ልቀይር? ኳስ ማየት ልተው? ወይስ ሌላ ተራ ልግባ?
ስሜ ይቆይ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ ወንድሜ ግሪምስቢ፣ (ሌላ ስም ስላልሰጠኸኝ አትቀየመኝ።)

መጀመሪያ የተራውን ነገር እናንሳ፤ እሱ ጨዋታ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሰው ሁሉ ታክሲና አውቶቡስ ለመያዝ የሚሮጥበት ሰዓት ነው። የባጃጅ ሰው የቀኑን ነዳጅ የሚሸፍነው በዚያች ሰዓት ነው። መጨረሻ ላይ ቆምክ ማለት ግፊያው ካለፈ በኋላ ባዶ መንገድ ላይ ትዞራለህ ማለት ነው። ማንቼ ተሸነፈ ተብሎ የልጆችህ ዳቦ አይቀነስም።

ግን ሰኞ ዕለት እንዳትናገር። ሰኞ ከተናገርክ "ተቃጠለ!" ብለው ይስቁና ያልፉታል። ረቡዕ ወይም ሐሙስ፣ ሥራ ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፣ ተራ አስከባሪውን ለብቻው ሻይ ጋብዘው። "ሙድ ያዙብኝ፣ የፈለጋችሁትን በሉኝ፤ ተራዬን ግን አትንኩብኝ" በለው። ሳትስቅ ነው የምትለው። ካልሰማህ የማኅበራችሁ ሰብሳቢ ጋ ሂድ። ይሄ ሰው ማሳጣት አይደለም፣ መብትህ ነው።

የማኪያቶው ነገር ቀላል ነው። የአንድ ወገን ሕግ አይሠራም። አርሴናል የተሸነፈ ቀን እነሱም ይክፈሉ፤ አቻ ከሆነ ሁሉም የራሱን። በዚህ ከተስማሙ ግባበት። ካልተስማሙ ቡናህን ቤትህ ጠጣ።

ስሙን ግን አትጥላው፤ እንዲያውም ታድለሃል። ተሳፋሪ ባጃጅ በስም ጠርቶ ሲሳፈር የት አይተሃል? ታሪኩን ደግሞ ከእነሱ ቀድመህ ራስህ አውራው። ግሪምስቢ ያኔ በእንግሊዝ አራተኛ እርከን የሚጫወት ቡድን ነበር፤ መጀመሪያ 2 ለ 0 መራ፣ ማንቼ ታግሎ 2 ለ 2 አደረገው፣ ከዚያ መለያ ምቱ ማለቂያ አጥቶ 12 ለ 11 ተጠናቀቀ። ይሄን በደንብ ማውራት የቻለ ሰው ላይ ማን ይስቃል? ሁሉም አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማው።

ክለብ ልቀይር ወዳልከው ስንመጣ፣ የሚያላግጡብህ ሰዎች ከየት እንደመጡ ታውቃለህ? አርሴናል በፈረንጆቹ 2003/04 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ፣ 26 አሸንፎ 12 አቻ ወጥቶ ዋንጫ በላ። ከዚያ እስከ 2025 ድረስ የሊጉን ዋንጫ በዓይኑ አላየም። በዚያ ሁሉ ዓመት ዲኤስቲቪ ቤቱን ማን ይመራው ነበር? የእናንተዎቹ ናቸው። "አራተኛ መውጣትም ዋንጫ ነው" እያሉ የአርሴናልን ደጋፊ ቁም ስቅሉን ያሳዩት ነበር።

ነሐሴ 2003 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 2011፣ ማንቼ በራሱ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ አርሴናልን 8 ለ 2 ያሸነፈበትን ጨዋታ እኔ ያየሁት ሰፈራችን፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የተንታኙ ድምፅ አይሰማም። ከፊቴ አግዳሚ ላይ አንድ የአርሴናል ደጋፊ ተቀምጧል። ማሊያው እንዳይታይ የጃኬቱን ዚፕ እስከ አገጩ ስቦታል። ጎል በተቆጠረ ቁጥር የማንቼ ልጆች ጣታቸውን እየጨመሩ ፊቱ ላይ ይዘረጋሉ። የማንቼው ሩኒ ሐትሪክ ሠራ። ስምንተኛው ሲገባ አንዱ ጣቶቹን አፍንጫው ሥር ድረስ አስጠጋለት። ሰውየው ለውዙን እየፈለፈለ 90 ደቂቃው እስኪያልቅ ተቀመጠ። ዳኛው ሲያፏጭ ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ።

እንግዲህ አንተ አሁን የምትከፍለው የእነዚያን ጣቶች ዕዳ ነው። ያኔ ልጅ ነበርክ፣ ጥፋቱም ያንተ አይደለም። ግን ታላላቆችህ ናቸው የተበደሩት። ተራችሁ ላይ በዕድሜ የገፋውን አርሴናል "ያን ቀን የት ነበርክ?" ብለህ ጠይቀው። ሰዓቱን፣ የተቀመጠበትን ወንበር፣ አጠገቡ የነበረውን ሰው ሳይቀር ይነግርሃል። ማላገጡን ያቆማል ብዬ አልምልልህም። ግን ከዚያ በኋላ ሁለታችሁ የምታወሩት ሌላ ነገር ይኖራችኋል።

ያንተም ክለብ ቢሆን ክፉ ቀን ሲያይ የመጀመሪያው አይደለም። በፈረንጆቹ 1974 ወደ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ወርዷል። በ1967 ዋንጫ በልቶ ቀጣዩን የሊግ ዋንጫ ያየው በ1993 ነው።

እኔ ራሴ የኢትዮጵያ ቡና ሰው ነኝ። በዚያው በ2003 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ስናነሳ ያበድኩትን ሰፈሩ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ደግሞ ጎረቤቶቼ ያውቃሉ፤ ግራና ቀኝ ፈረሰኞች ናቸው። የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት በተዘጋበት ጊዜማ ቡድናችንን በሬዲዮና በስልክ ነበር የምንከተለው። ይሄን ያነሳሁት ከምቾት ላይ ሆኜ እንደማልመክርህ እንድታውቅ ነው።

ካልበቃህ የእህቴን ልጅ ልንገርህ። ኑሮው ቺካጎ ነው። ቤዝቦል የሚሉት ነገር ለምዶ ዋይት ሶክስ የሚባል ቡድን ይደግፋል። ቡድኑ የደቡብ ቺካጎ ነው፣ እሱ ደግሞ ቤት ያገኘው በስተሰሜን፣ ከብስ የሚባለው የተቀናቃኙ ደጋፊዎች መሃል። አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ነው የሚጫወተው። ዕረፍት የለውም፣ በየቀኑ ለማለት ምንም አይቀረው። በ2024 ዋይት ሶክስ 121ዱን ተሸነፈ። በዘመናዊው ቤዝቦል፣ ማለትም ከ1901 ወዲህ፣ በአንድ ዓመት ይህን ያህል የተሸነፈ ቡድን የለም። መሃል ላይ 21 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። አንተ በሳምንት አንዴ ነው የምትቀለደው፤ እሱ ጠዋት ደረጃ ሲወርድ ነው የሚጀመርለት።

"ለምን አትቀይርም?" አልኩት። "ጋሼ፣ ከብሶቹ ራሳቸው ይንቁኛል" አለኝ። እውነቱን ነው። ከብስ በ1908 ዋንጫ በልቶ ቀጣዩን ለማየት እስከ 2016 ጠበቀ። 108 ዓመት! ያንንም ያገኘው በሰባት ጨዋታ በሚለየው ፍጻሜ በክሊቭላንድ በጨዋታ ብዛት 3 ለ 1 ከተመራ በኋላ፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ ላይ ዝናብ 17 ደቂቃ አቋርጦት፣ በተጨማሪ ዙር 8 ለ 7 አሸንፎ ነው። ደጋፊዎቹ ጠመኔ ይዘው ወደ ስታዲየማቸው ሄዱና ዋንጫውን ሳያዩ የሞቱ አባቶቻቸውንና አያቶቻቸውን ስም ግንቡ ላይ ጻፉ። እንዲህ የጠበቀ ሰው ቡድኑ ሲወድቅበት ወደ ጎረቤት የሚሻገረውን አያከብርም።

ያንተም ተራ እንደዚያው ነው። ነገ የአርሴናል ማሊያ ለብሰህ ብትመጣ ሳቁ የሚቆም ይመስልሃል? "ግሪምስቢ ከዳ" ይሉሃል፤ ይሄኛው ስም ደግሞ ተሳፋሪ አያመጣልህም። ስለዚህ ባለህበት ቆይ። ስቲከሩንም መልሰህ ለጥፈው፣ ግን ከውስጥ በኩል ይሁን፤ ምላጭ አይደርስበትም።

ሚስትህ ያለችውን ግን ስማት። ተሸንፎ የመጣ ፊት ይዘህ ቤት አትግባ። ደግሞ በማንቼ ቤቲንግ የምትቆርጥ ከሆነ ዛሬውኑ ተው። ልብህን ሰጥተኸዋል፣ ኪስህን ደግሞ ምን አስጨመረህ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ልጄ 6 ዓመቱ ነው። አባቱ ማንቼ ነው። ወንድሜ ለገና የአርሴናል ማሊያ ገዛለት። ልጁ ለብሶት ካልተኛ አይተኛም። ባለቤቴ ወንድሜን ማናገር ትቷል። ማሊያውን ልደብቀው?
እናት፣ ከየካ አባዶ

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳትደብቂው። የተደበቀ ማሊያ ልጁን ዕድሜ ልኩን አርሴናል ያደርገዋል። ይልቅ ባልሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጁን ይዞት ይሂድ፤ አጠገቡ አስቀምጦ ለስላሳ ይግዛለትና ጨዋታውን ያስረዳው። ልጅ ማሊያ ከገዛለት ይልቅ አብሮት ወደሚያየው ያደላል። ወንድምሽ ይሄን አውቆ ከቀደመው ግን ለባልሽ ቁርጡን ንገሪው። እስከዚያው ማሊያው በየሳምንቱ ይታጠብ፣ ልጁ ቢያለቅስም።