መልስ፦ ተከታይ ብዙ፣ ጓደኛ ግን የለኝም ለምትል ልጅ

«ልጄ 600 ተከታይ እያላት ብቸኛ ነኝ ትላለች፤ ስልኩን ልውሰድባት?» ላሉት፦ አይውሰዱባት። ቀጠሮውም ወሬውም የሚደርሳት በግሩፕ ቻት ስለሆነ ከጓደኞቿ ይቆርጧታል። ሮቢን ደንባር የተባለው አንትሮፖሎጂስት እንደሚለው ሰው በቅጡ የሚይዘው ግንኙነት 150 ያህል ነው፤ የልብ ወዳጅ ደግሞ 5 ገደማ። ስለ 600ው ይተዉት፣ እነዚያ አምስቱ መኖራቸውን ይጠይቋት።

የሰው ፎቶ ዝም ብሎ ማየት ራስን ወደ ማነጻጸር ይገፋል፤ ለአንድ ሰው መጻፍ፣ መደወል ግን ያቀራርባል። ስናፕቻት ላይ «ስትሪክ» (ከአንድ ጓደኛ ጋር ሳያቋርጡ ፎቶ ወይም ቪዲዮ የተላላኩባቸው ቀናት ቆጠራ) ካላት ልብ ይበሉ፦ ሁለቱም በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተላላኩ ይጠፋል፤ ልጆች ይህን የወዳጅነት መለኪያ አድርገውት ይጨነቃሉ። ኢንስታግራም ላይ የላይክ ቁጥርን ከሴቲንግ መደበቅ ይቻላል። ማታ ስልኩ ከመኝታ ክፍል ውጭ ቻርጅ ይደረግ፤ የእርስዎም ጭምር፣ አለዚያ አትሰማዎትም።