ዘጠኝ ሁሉ ዘጠኝ አይደለም

ጥያቄህን ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት። አባትህን ነፍስ ይማር። ቤት ውስጥ አሮጌ የጣሊያን ሽጉጥ ትተዋል፣ ፍቃዱ በእሳቸው ስም ነው። «በስሜ አዙሬ ላቆየው ወይስ አስረክቤ ዘመናዊ ላውጣ? ከድሮና ከአዲስ የቱ ይሻላል?» ነው ያልከው። ከሥርህ ብዙ ሰው መልሷል። አብዛኛው «ግሎክ» ብሎ አልፏል፣ ዘመናዊውን የኦስትሪያ ሽጉጥ ማለቱ ነው። ሰዉ ሁሉ ጓዳው ግሎክ ያለ ይመስላል።

ያንተ ሽጉጥ ቤሬታ 1934 መሆኑን ሳላየው እገምታለሁ። የኔም እሱ ነው። እናቴ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ከሣጥን ሥር አስቀምጣው ነበር። ያሳለፍኩትን እንዳታሳልፍ ልንገርህ።

1. መጀመሪያ ሽጉጡን ተወውና ወረቀቱን ያዝ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ነገሩ እንደ ድሮ አይደለም። እኔ የአባቴን ፍቃድና የሞት ምስክር ወረቀት ይዤ፣ ባዶ እጄን ሄጄ አመለከትኩ። ሽጉጡን አምጣ ሲሉኝ ፖሊስ አብሮኝ ቤት መጣ። ቦርሳ ውስጥ ከተህ ታክሲ እንዳትሳፈር። ፍተሻ ላይ «ላስመዘግብ እየሄድኩ ነው» ብትል ማን ይሰማሃል?

ደግሞ ካዝናውን፣ ማለት ጥይት መያዣውን፣ ስላወጣህ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ቀድሞ የተቀባበለች አንዲት ጥይት ውስጥ ልትቀር ትችላለች። የማታውቀው ከሆነ አትነካካው፣ የሚያውቅ ፖሊስ ይክፈተው።

2. ብረቱ ላይ የተጻፈውን ራስህ ገልብጥ። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው፣ ስለዚህ ታገሰኝ።

የኔ ሽጉጥ ግራ ጎኑ ላይ ረጅም ጽሑፍ አለው። የፋብሪካው ስም፣ «ካሊበር 9 ኮርቶ» (የጥይቱ መጠን ነው፣ «9 አጭር» እንደማለት)፣ «ሞዴል 1934»፣ ከተማዋ ጋርዶኔ። ከዚያ 1938 (ስለ ሽጉጥ የማነሣው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው)፣ አጠገቡ ደግሞ በሮማ ቁጥር 16። ይህች 16 የሙሶሎኒ ዘመን አቆጣጠር ናት። ፋሺስቶቹ ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምረው ነበር የሚቆጥሩት። ሽጉጡ የልደት ካርዱን ጎኑ ላይ ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ሲሠራ ጣሊያን አዲስ አበባ ከገባ ሁለት ዓመት ገደማ ሆኖታል።

በነገራችን ላይ ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ጋሼ ልክ የዚህን ዓይነት አሳይተውኝ «አያቴ አድዋ ላይ የማረኩት ነው» ይሉኝ ነበር። ቤሬታ የመጀመሪያውን አውቶማቲክ ሽጉጥ የሠራው በ1915 ነው። ያ እጀታው እንደ መጥረጊያ እንጨት የሆነው የጀርመኑ ማውዘር እንኳ በ1896 ነው የወጣው፣ ራሱ የአድዋ ዓመት። እሳቸውን ግን ተቃውሜ አላውቅም። ቡናቸው ጥሩ ነበር።

ወደ ጉዳዬ። መዝጋቢው ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ቁጥር?» አለኝ። «ላዩ ላይ ተጽፏል» አልኩት። ግራ ጎኑን አየና የመሣሪያ ቁጥር በሚለው ቦታ 1934 ብሎ ጻፈ። ዓይነት፦ ጣሊያን። ካሊበር፦ 9። አለቀ። እኔም ሳላነብ ፈረምኩ። ትክክለኛው ቁጥር በቀኝ በኩል ነው ያለው፣ ስድስት አኃዝ። ማናችንም ገልብጠን አላየነውም።

ያኔ ቤታችን ዶሮ ማነቂያ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ እኛም ተነሣን። ፍቃዱን ለማሳደስ ሌላ ቢሮ ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። ሰውየው ወረቀቱን አየ፣ ሽጉጡን አየ፣ ቀና ብሎ እኔን አየ።

«ይህ ወረቀቱ ላይ ያለው ሽጉጥ አይደለም። ያኛውን የት አደረስከው?»

ያኛው የሚባል የለም፣ 1934 ሞዴሉ ነው፣ ቁጥር አይደለም አልኩ። «አንተ ነህ የምታስተምረን?» አለ። ሽጉጡ እዚያው ቀረ። እኔም ሰባት ወር ተመላለስኩ። ሰኞ ስሄድ ሲስተም የለም። ሐሙስ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። አንድ ቀን «ፋይልህ ድሮ ሰፈርህ ነው፣ ከዚያ አጽፈህ አምጣ» አሉኝ። ድሮ ሰፈሬ እኮ ፈርሷል! ፋይሉ የት እንደተዛወረ ለማወቅ ብቻ ስድስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከደሞዜ የተቆረጠውን ቀን ብነግርህ ታለቅሳለህ።

የፈታችው አንዲት ሳጅን ናት። ሽጉጡን ገለበጠችው፣ ቀኝ ጎኑን በጨርቅ ጠረገችው፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበችው። ከዚያ ግራ ጎኑን አነበበች። «ሞዴሉን ነው የጻፉት» አለች። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። ሰባት ወር ያልኩት ይህንኑ አልነበር?

ያቺ «9» ደግሞ ሌላ መዘዝ ነበራት፣ ይህን ለማንም አላወራሁም። ፍቃዱ ላይ 9 ብቻ ስለተጻፈ የተሰጠኝ ጥይት የሶቪየቱ ሽጉጥ፣ የማካሮቭ ነበር። እኔም ዘጠኝ ዘጠኝ ነው ብዬ ተቀበልኩ። አሥራ አራት ዓመት ብር አጃቢ ሆኜ ማካሮቭ ታጥቄያለሁ፣ ማን ሊያስተምረኝ! አንዷን ስሞክር ግማሽ መንገድ ሄዳ ተቀረቀረች። ወደፊት የለ፣ ወደኋላ የለ። የቀድሞ ጦር መሣሪያ ጠጋኝ የነበሩ አባት ናቸው ያወጡልኝ፣ እየሰደቡኝ። «ብታስገባት ኖሮ ጣትህን እለቅም ነበር» አሉኝ።

ከሳቸው የተማርኩት ይኸው። የጣሊያኑ 9 ኮርቶ የቀፎው ርዝመት 17 ሚሊ ሜትር ነው። የማካሮቭ 18። አብዛኞቹ ዘመናዊዎች የሚጎርሱት ፓራቤለም 19። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ፣ የማካሮቯ እርሳስ፣ ተወርውራ የምትሄደዋ ጫፍ፣ ራሷ ወፍራም ናት፣ 9.27 ሚሊ ሜትር። የሌሎቹ 9 ብሎ ከትንሽ ነገር ነው። በዓይን አይለይም። የሶቪየት ጥይት ቂጥ ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የፋብሪካ ቁጥርና ዓመት እንጂ መጠኑ አይጻፍም። ስለዚህ ፍቃድህ ላይ «9 ኮርቶ» ተብሎ ካልተጻፈ አትፈርም። «ያው ነው» ቢሉህም አትፈርም።

3. የቱ ይሻላል ላልከው። ሦስተኛ ነበርን አይደል?

ቤሬታው ሲያዩት ያምራል፣ ብረቱም ጠንካራ ነው። ሰባት ጥይት ይጎርሳል። ግን ሴፍቲው፣ እንዳይተኩስ የሚቆልፈው ነገር፣ ግማሽ ዙር ነው የሚዞረው፣ በአንድ እጅ አይመችም። ጥይት ሲጨርስ ክፍት ሆኖ የሚቆመው በካዝናው ጉልበት ስለሆነ ካዝናውን ስትጎትት ይታገልሃል፣ ሲወጣ ደግሞ ጧ ብሎ ይዘጋል። ጣቴን ሁለቴ ነክሶኛል።

ማካሮቭ የኔ ፍቅር ነው፣ አልዋሽህም። በ1951 ነው የሶቪየት ጦር የተቀበለው። 8 ጥይት፣ 730 ግራም። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ በአቧራም በዝናብም አላስቸገረኝም። የመጀመሪያው ቃታ ከባድ ነው። ሰዎች ይህን ይጠሉታል፣ እኔ ግን የወደድኩት ለዚያ ነው። ወገብህ ላይ የሚውል ነገር ቶሎ መተኮስ የለበትም።

ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭ ሴፍቲ የሚባል የለውም፣ መዶሻውን ግማሽ ላይ ማቆም ብቻ ነው። አቀባብለህ አትያዘው። ጥይቱ የድሮውን የማውዘር ጥይት ይመስላል፣ ግን ግፊቱ ይበልጣል። አሮጌ ማውዘር ያለው ዘመድ ካለህ ንገረው። የአሜሪካኑ ኮልት 1911 ሰባት ወፋፍራም ጥይት ይዞ ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ቀኑን ሙሉ ታጥቀህ ማታ ወገብህን ታሻለህ።

አንድ ጊዜ አለቃችን ብራውኒንግ ሃይ ፓወር አስይዘውኛል። የነደፈው ሰው ብራውኒንግ ራሱ ሳይጨርሰው በ1926 ሊዬዥ፣ ቤልጂየም ውስጥ ሞተ። የጨረሰው ሴቭ የሚባል የፋብሪካው ሰው ነው፣ የወጣውም በ1935። በዚያ ዘመን 13 ጥይት! እጅ ላይ ሲቀመጥ ከዚያ ወዲህ የያዝኩት ሁሉ አይደርስበትም። ካዝናው ከወጣ አይተኩስም፣ ለዚህ ሲሉ ግን ቃታውን አበላሽተውታል።

ግሎኩ? በ1982 የወጣ፣ ግማሽ አካሉ ፕላስቲክ፣ 17 ጥይት፣ ቀላል፣ አስተማማኝ። ጎኑ ላይ ግን ሴፍቲ የለውም። ቃታውን ካልነካኸው አይተኩስም፣ ከነካኸው ይተኩሳል። ሠልጥኖ በየጊዜው ለሚለማመድ ሰው ነው። አንተ ደግሞ ጥያቄህ ላይ ተኩሰህ እንደማታውቅ ጽፈሃል።

በውስጥ መስመር «የቱርክ አለ፣ ርካሽ ነው» የሚሉህን ዝጋቸው። ወንጀል መሆኑ አንድ ነገር ነው። ከዚያ ሌላ ብዙዎቹ ለድምፅ ብቻ የተሠሩ ናቸው፣ ብረታቸው የእርሳስ ግፊት አይችልም። እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

እኔ ቤሬታውን አላስረከብኩም። አልተኩስበትምም። የአባቴ እጅ የበላው እጀታ ነው፣ ግሎክ ይህ የለውም። አንተም ብታቆየው ደስ ይለኛል፣ ግን መጀመሪያ ጥይቱን የሚመታውን ሚስማርና ስፕሪንጉን የሚያውቅ ሰው ይይልህ።

ነገ ፖሊሱ ሲከፍተው ቀኝ ጎኑን ጠርገህ ቁጥሩን ገልብጥ። እዚህ እንዳትለጥፈው። ስንት አኃዝ እንደሆነና ከዓመተ ምሕረቱ ጎን ያለው የሮማ ቁጥር ስንት እንደሚል ብቻ ጻፍልኝ።