በ2 ደቂቃ የሚላጥ፣ በ6 ደቂቃ የማይከፈት ስክሪን

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ሰበታ ነው። የራሴን ጥለት እየሣልኩ በስክሪን (ፍሬም ላይ በተወጠረ ወንፊት) ማተም ከጀመርኩ ሦስት ወር ሆኖኛል፤ ዓላማዬ የጠረጴዛ ልብስና የትራስ ልብስ መሥራት ነው። ኢመልሽን (ብርሃን ሲነካው የሚጠነክር ሙጫ) የተቀባውን ስክሪን ፀሐይ ላይ 2 ደቂቃ አውጥቼ ሳጥበው ኢመልሽኑ ከነሥዕሉ ተልጦ ይሄዳል። 6 ደቂቃ ሳቆየው ደግሞ ቀጫጭኑ መስመር አልከፈት ይላል። ትክክለኛው ደቂቃ ስንት ነው? ጥለቱም ሲደጋገም መገናኛው ላይ ክፍተት ይታያል። ሁለት ፍሬም አበላሽቻለሁ።»

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ የደቂቃ ብቻ ቢሆን ኖሮ በመካከል አንድ ቦታ ላይ፣ 3 ወይም 4 ደቂቃ ስታደርጊው፣ ይስተካከልልሽ ነበር። ሁለቱ ምልክቶች አብረው ሲመጡ ሁለት ጥፋት ተገናኝቷል ማለት ነው፤ ኢመልሽኑ በደንብ ሳይደርቅ ለብርሃን ወጥቷል፣ የፊልምሽ (ሥዕሉ በጥቁር ታትሞበት ስክሪኑ ላይ የሚነጠፈው ወረቀት) ጥቁርም ብርሃን ያሳልፋል። ሩቅ ሆኜ ይህን በድፍረት የምናገረው፣ እኔም ቡራዩ ላይ ሥራ በጀመርኩበት የመጀመሪያ ክረምት በዚሁ መንገድ ስንት ጣሳ ኢመልሽን ከውኃ ጋር ስለደፋሁ ነው።

ከመድረቁ ልጀምር፤ ሰዎች በጣም የሚያቃልሉት እሱን ነው። ዲያዞ የሚባለው ዓይነት ኢመልሽን ሁለት ነገር ነው፤ ውኃ የሚያሟሟው ሙጫና ብርሃን ሲነካው ሙጫውን እርስ በርሱ የሚያስተሳስር ቅመም። ብርሃን ያረፈበት ተሳስሮ ይጠነክራል፤ በጥቁሩ የተጋረደው እንደነበረ ይቆይና በውኃ ይታጠባል። ሙጫው ውስጥ እርጥበት ከቀረ ግን ቅመሙ ኃይሉን ውኃው ላይ ይጨርሳል፤ ሙጫው ሳይተሳሰር ይቀራል። እንዲህ የሆነውን ስክሪን ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ብታውዪውም አይጠነክርም።

ሰበታም ቡራዩም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ ናቸው። ፀሐዩ ስለሚፋጅ አየሩ ሁልጊዜ ደረቅ ይመስለናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን የብሎኬቱ ግድግዳ ራሱ ያልባል፤ ማታ የተቀባ ስክሪን ጠዋት የደረቀ መስሎ ያድራል እንጂ አልደረቀም። ጣት ላይ አለመጣበቁ አያታልልሽ። ላዩ ቀድሞ ይቆረፍዳል፣ በወንፊቱ ክሮች መካከል የገባው ግን ገና ነው። የእጅሽን ጀርባ ስታስጠጊ ቅዝቃዜ ከተሰማሽ ውኃው ገና እየተነነ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ካለሽ ከዚህም ይበልጣል፤ በቢጫ አምፖል ብርሃን በየግማሽ ሰዓቱ መዝኚው፣ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል።

ስክሪኑ ሲደርቅ ጨርቁን የሚነካው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ በአግድም ይተኛ፤ አራቱን ጥግ በባዶ ጣሳ ደግፊው፣ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ። ቬንትሌተር ከጎኑ አኑሪ። ማሞቂያ ከተጠቀምሽ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። እንጀራ በሚጋገርበት ክፍል ፈጽሞ አታድርቂ፤ ክፍሉ ስለሚሞቅ ጥሩ ይመስላል፣ ነገር ግን የምጣዱ እንፋሎት በሙሉ ኢመልሽኑ ላይ ያርፋል። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምንሻለሁ፦ በር ዘግተሽ ከሰል አታቀጣጥዪ። ይህን የሚያደርጉ ጀማሪዎች አይቻለሁ። ስክሪኑ ብርሃን እንዳይነካው የሚደርቅበት ጨለማ ክፍል መስኮቱ ስለተደፈነ የከሰሉ ጭስ መውጫ የለውም፤ ሽታ የሌለው መርዙ ሰው ይገድላል።

ወደ ፊልሙ ልለፍ። ህትመት ቤት አሳትመሽ ያመጣሽውን ወረቀት መስኮት ላይ ለጥፈሽ እዪው። ጥቁሩ ውስጥ ነጠብጣብ ብርሃን ወይም ግራጫ ከታየሽ ፀሐይዋም በዚያው ታልፋለች፤ 6 ደቂቃ ሙሉ እያለፈች ቀጫጭኑን መስመር አጠንክራዋለች። ሁለት ቅጂ አሳትመሽ በትክክል አነባብሪ፣ ወይም ትላልቁን ክፍል በጥቁር የቻይና ቀለም በእጅሽ ሙይው። ለመጀመሪያው ዓመት ከ1 ሚሊሜትር የቀጠነ መስመር ባትሥዪ እመርጣለሁ፤ ለጥጥ ጨርቅ የምንጠቀምበት በሴንቲሜትር 43 ክር ያለው ወንፊት በጣም ለቀጠነ ነገር አያመችም።

ፊልሙ ቀለም ያለበት ፊቱ ኢመልሽኑን መንካት አለበት። በፊልሙና በኢመልሽኑ መካከል የወረቀት ውፍረት ያህል እንኳ ክፍተት ካለ ብርሃኑ በጎን ሾልኮ መስመሩን ያቀጥነዋል። ስለዚህ ፍሬሙ ውስጥ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለ ስፖንጅ አስገቢ፣ ከላይ ከባድ መስታወት ጫኚ፤ ስፖንጁ ከታች እየገፋ ሁሉንም ያጣብቀዋል። ከዚያ ወደ ፀሐይ አጋድዪው። በእኛ አካባቢ ፀሐይ ቀትር ላይ ቀጥ ብላ ከአናት የምትውለው በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ብቻ ነው። መስታወቱ ላይ እርሳስ አቁመሽ ጥላው እስኪጠፋ ድረስ ማጋደል ይበቃል።

እንግዲህ ያልሽኝን ደቂቃ የምታገኚው በሙከራ ነው። ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ደመና በሌለበት ቀን፣ ቀጭንም ወፍራምም መስመር ያለበትን ፊልም አስቀምጪና ከአንድ ጠርዝ በቀር ሁሉንም በካርቶን ሸፍኚ። በየ30 ሰከንዱ ካርቶኑን ጥቂት ጣት ያህል ሳቢ። 8 እርከን ሲሞላ አስገብተሽ በሁለቱም በኩል አርጥቢው፣ 1 ደቂቃ ታገሺው፣ ከዚያ በቀስታ እጠቢ። በውስጥ በኩል ስትነኪው እንደ ተልባ የሚያሟልጨው እርከን ብርሃን አንሶታል። ቀለሙንም ተመልከቺ፤ ዲያዞ ብርሃን ሲጠጣ ቢጫነቱ ይለቃል። ከጎኑ ካለው እርከን ጋር የቀለም ልዩነት መታየት ባቆመበት ቦታ ያለው ጊዜ የአንቺ ነው። ኢመልሽን በቀየርሽ ቁጥር ይህን ድገሚ። እኔ ይህን ያህል ዘመን ሠርቼም አዲስ ጣሳ ስከፍት እደግመዋለሁ።

በክረምት ግን ይህ ልኬት አይጸናም፤ ደመና ሲያልፍ የትናንቱ 2 ደቂቃ የዛሬው 2 ደቂቃ መሆኑ ይቀራል። ገንዘብ ስታገኚ መጀመሪያ የምትገዢው በፀሐይ ፈንታ የሚሠራ የዩቪ (አልትራቫዮሌት) መብራት ይሁን። የምትሰቅዪበትን ከፍታ ምልክት አድርጊበት፤ ለትንሽ መብራት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል።

ስለ ጥለቱ፦ የነጠላ ጥለት በጨርቁ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ሸማኔው የሚጨነቀው ለአንድ መገናኛ ነው። የአንቺው በአራቱም አቅጣጫ መጋጠም አለበት። አራት ማዕዘን ወረቀት መካከል ላይ ሣዪ፣ ጠርዙን ባዶ ተዪው። ወረቀቱን በቁመትና በአግድም እኩል ለአራት ቁረጪና ቦታ አለዋውጪ፤ የላይኛው ግራ ወደ ታችኛው ቀኝ፣ የላይኛው ቀኝ ወደ ታችኛው ግራ ይሂድ፣ የታችኞቹም እንዲሁ ወደ ላይ። ከጀርባ በስኮች አያይዢው። የቀድሞው ጠርዝ አሁን መካከል ላይ ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ የውጪውን ጠርዝ ሳትነኪ እሱን ሙይው። ስታትሚ ደግሞ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን ቀድመሽ አትሚ፤ ሲደርቁ በመካከላቸው ያሉትን ሙይ፣ የፍሬሙ ጀርባ እርጥቡን ቀለም እንዳያነሳው።

ሁለቱን ፍሬሞች አትጣያቸው። ወንፊቱ ካልተቀደደ ጓንት አድርገሽ ውጭ ላይ በሁለቱም በኩል በረኪና ቀቢያቸው፣ ሳይደርቅ በለስላሳ ብሩሽ እሺያቸው፤ ኢመልሽኑ እየለቀቀ ይሄዳል። በረኪናውን ከአሲድ ወይም ከሌላ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር አትደባልቂ፣ መርዛም ጋዝ ያወጣል። በመጨረሻ በብዙ ውኃ አጥበሽ በፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ድገሚ፤ ወንፊቱ ላይ የቀረ በረኪና የሚቀጥለውን ኢመልሽን ይበላዋል።