የመሪ ዘንግ ስለማውረድ፦ ጥያቄና መልስ

ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ ነው የምውለው። መሪ ስለማውረድ ለጠየቃችሁኝ መልሴ ይኸው።

ጥያቄ፦ የቪትዜን መሪ ላወርድ ነው። ቁልፉን ካጠፋሁ ባትሪ መንቀል ግድ ነው?

መልስ፦ ግድ ነው ወንድሜ። ባትሪው ከተነቀለ በኋላም መሪው ውስጥ ያለውን ኤርባግ (በግጭት ጊዜ የሚነፋውን ከረጢት) ሊያፈነዳ የሚችል ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ ይቆያል። ኔጋቲቩን ንቀልና ጠብቅ። ቶዮታ ቢያንስ 90 ሴኮንድ ይላል፤ እኔ 10 ደቂቃ ሳልቆይ አልነካውም። ኤርባጉን ስትሸከም ሽፋኑ ወደ ውጭ ይዙር፣ ወደ ደረትህ አይሁን። ስታስቀምጠውም ሽፋኑ ወደ ላይ። በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ፈጽሞ አትለካው።

ጥያቄ፦ ዘንጉ ከክሮቼራው (ከታች ካለው ተጣጣፊ መጋጠሚያ) አልላቀቅ አለኝ። በመዶሻ ልምታው?

መልስ፦ እባክህ አትምታው! ዘንጉ ደረቅ ብረት ይመስላል እንጂ በግጭት ጊዜ እንዲያጥር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። በብዙ መኪኖች ላይ ክፍሎቹን የሚያያይዙት ትንንሽ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች ናቸው። አደጋ ሲደርስ እነሱ ይቆረጣሉ፣ ዘንጉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሾፌሩ ደረት ይተርፋል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ሞዴሎቹ ላይ እንዲህ ያለ ዘንግ የገጠመው ለዚሁ ነው። በፊት ዘንጉ ሾፌሩን እንደ ጦር ይወጋ ነበር። አንተ በመዶሻ ስትመታው፣ ስትጥለው ወይም ስትደገፍበት ያንን መከላከያ ልትሰብረው ትችላለህ። ከውጭ ላይታይህ ይችላል፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይሄ ነው። ቡሎኑን ማላላት አይበቃም፣ ሙሉ በሙሉ አውጣው። ዝገት ማላቀቂያ ርጭበትና ታገሥ። ከመለየትህ በፊት ዘንጉንና ክሮቼራውን በቀለም ምልክት አድርግባቸው።

ጥያቄ፦ የእኔ አሮጌ ዲኤክስ ነው። ኤርባግ የለውም።

መልስ፦ ባትሪውን ለማንኛውም ንቀል፤ የክላክስና የፍሬቻ ሽቦ አለ። መዶሻው ግን ላንተም ክልክል ነው።

ጥያቄ፦ ገጥሜ ስጨርስ የኤርባጉ መብራት አልጠፋ አለ፣ ክላክሱም ዝም ብሏል።

መልስ፦ ከመሪው ሥር ያለው ጥቅል ሽቦ ተበጥሶ ይሆናል። ዘንጉ ከታች ከተፈታ መሪው ያለ ገደብ ይዞራል፤ ሽቦው ግን የሚችለው ጥቂት ዙር ብቻ ነው። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ልጅ ሳያስበው አዙሮት አዲስ ገዝተናል። ሳትፈታ በፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርግ፣ መሪውን ቆልፍ፣ በቀበቶም እሰረው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ገጥሞልኛል። በአዲሱ የአባይ ድልድይ ወጣ ብዬ ልሞክረው?

መልስ፦ ገና ነሽ እህቴ። መጀመሪያ የፊት ጎማዎቹ ተነሥተው በድጋፍ ይቁሙ። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሪው፤ የሚያዝ ወይም ሽቦ የሚጎትት ነገር እንዳይኖር። የክሮቼራው ቡሎን በተፈቀደለት ልክ መጥበቁን ወንድምሽ ፊትሽ ያረጋግጥ። ከዚያ ግቢ ውስጥ በዝግታ ንጂው። ድልድዩ ነገም አለ።