የአውቶቡስ ድርጅትን የሚያከስረው ታሪፉ ነው ወይስ አስተዳደሩ?

«ሁለት የአውቶቡስ ድርጅቶች አንድ ዓይነት መኪናና አንድ ዓይነት ታሪፍ ይዘው አንደኛው ለምን ይከስራል? አስተዳደር ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ አዎ፣ በጣም ያመጣል። ለገሃር አካባቢ በአንድ ድርጅት ስምሪት ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ሰው ቶሎ የሚያነሳው ታሪፍን ነው። ታሪፉን ግን የሚወስነው መንግሥት ነው። ድርጅቱ ሊቆጣጠረው የሚችለው ጠዋት ስንት አውቶቡስ ከግቢ እንደወጣና የወጣው ስንት ምልልስ እንደሠራ ነው። የሹፌሩም የትኬት ቆራጩም ደመወዝ መኪናው ቢቆምም ይከፈላል።

እኛ ጋ ሹፌሩ ማታ ሲገባ «ፍሬኑ ይጮኻል» ብሎ ፎርም ላይ ይጽፋል። የሚያነበው የለም። ጠዋት ያው መኪና ይወጣና ሜክሲኮ ሲደርስ ይቆማል፣ ሥራ የረፈደበት ተሳፋሪ ወርዶ ታክሲ ይሻማል፣ ለመጎተት ደግሞ ሌላ መኪና ይላካል። የፍሬኑ ሸራ ብቻ ተቀይሮ ያልቅ የነበረው ነገር ሸራው የሚይዘው ታምቡርም ተበልቶ ይገኛል። ዕቃ የሚጠየቀው እስቶር ውስጥ ካለቀ በኋላ ነው። ፕሮፎርማ፣ ኮሚቴ፣ ፊርማ፣ ከዚያ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ። መካኒኩ ምን ያድርግ? ከቆመው ፈቶ ለሌላው ይገጥማል። እንዲህ እየተፈታ የቀረ መኪና ዳግም አይነሳም።

በኋላ የመጣው ኃላፊ አንድም አዲስ አውቶቡስ አላስገዛም። ጠዋት ጠዋት ስምሪቱን፣ ጋራዡንና እስቶሩን አንድ ላይ አቁሞ የትኛው መኪና ለምን እንደቆመና ማን እንደያዘው ይጠይቅ ነበር፣ በቃ። ዘይትና ፊልትሮ በኪሎሜትር መቀየር ጀመረ። ሹፌሩ ለጻፈው ነገር መልስ ማግኘት ሲጀምር በደንብ መጻፍ ጀመረ። መንገድ ላይ የሚቆመው መኪና ቀነሰ፣ ገቢውም ተነሳ። ማበረታቻውን በገቢ ብቻ የሚሰጡ አሉ፣ እሱን አልወደውም፤ ትርፍ መጫን ያመጣል።

የአዲስ አበባን ቀላል ባቡርም እዪው። በመስከረም 2008 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፣ በመለዋወጫ እጦት ከግማሽ በላይ የቆሙበት ጊዜ መጣ። ሐዲዱ አለ፣ ተሳፋሪውም ስታዲየም ጋ ተሰልፎ አለ። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ እዚያ መሀል የሚበላሽ ባቡር ሁለቱንም ያውካል። የምንዛሪ እጥረቱ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ዕቃው ከውጭ እንደሚመጣ ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፤ ምን መቼ እንደሚያልቅ ቀድሞ ቆጥሮ ማዘዝ የአስተዳደር ሥራ ነው።

ለጥናት ከሆነ የፈለግሽው፣ ዓመታዊ ሪፖርት ይዘሽ ብቻ እንዳትወጪ። ጋራዥ ግቢና የብልሽት መዝገቡን ጠይቂ፣ ብልሽቱ የተጻፈበትን ቀንና መኪናው ተጠግኖ የወጣበትን ቀን አስተያዪ። መዝገብ የለንም ካሉሽም እሱን ራሱን ጻፊው።