ጥያቄ አለኝ፦ ባለ ማርሽ ፒክአፕ፣ ጭነቱና ፍሪሲዮኑ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ማኑዋል ፒክአፕ የሚጠይቁ በመሆናቸው ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። የመጀመሪያው ደብዳቤ ብዙ ባለንብረቶች የሚጋሩትን ችግር ስለሚያነሣ ሰፋ ያለ ቦታ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከደጀን የምጽፍ የእህል ነጋዴ ነኝ። መኪናዬ ባለ 5ኤል ሞተር ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ሲሆን ካምቢዮው ባለ 5 ማርሽ ማኑዋል ነው። ጤፍ ስጭንበት ከኋላው እየተቀመጠ ስላስቸገረኝ በየጎኑ ሁለት ሁለት ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከም የብረት ቅጠል) አስጨመርኩ። ቀጥዬም ከመሬት ከፍ እንዲልና ጭቃ እንዳይዘው ብዬ 225/70 አር 15 የነበረውን ጎማ ከነቸርኬው አውጥቼ 265/70 አር 16 አስገባሁበት። ከዚያ ወዲህ በ10 ወር ውስጥ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ ተቃጠለብኝ። መካኒኩ የሸራው ጥራት ነው ይለኛል፤ እኔ ግን በነዳሁባቸው 15 ዓመታት እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም። ጥፋቱ የምኑ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መካኒኩ ያሉት ነገር ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ካርቶኑ ብቻ ኦሪጅናል የሆነ ሸራ ገበያው ላይ ሞልቷል። ይሁን እንጂ አንዱ ሸራ ተበልቶ ሁለተኛውም በወራት ውስጥ ከተከተለው ምክንያቱ ከሸራው ውጭ መፈለግ አለበት፤ እርስዎም በደብዳቤዎ ራስዎ ጽፈውታል። የለወጡት ጎማ ብቻ መስሎዎታል እንጂ ካምቢዮውንም አብረው ለውጠውታል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የቀድሞው ጎማ ከጫፍ እስከ ጫፍ 696 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አዲሱ 777 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ይኸውም ወደ 12 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናው በፊት ከሚሄደው 12 በመቶ የበለጠ መንገድ ስለሚጓዝ፣ መኪናውን ከቆመበት ለማንቀሳቀስ ሞተሩ የሚሰጠው ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል። 1ኛው ማርሽዎ ከባድነቱን አጥቶ ወደ 2ኛው ጥቂት ተጠግቷል ማለት ነው። ሞተርዎ ደግሞ ቱርቦ የለውም፤ ደጀን ባለችበት ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ገና ጎማ ሳይለወጥ በፊትም ጉልበቱ ከተሠራበት መጠን በታች ነበር። እንግዲህ ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ቆሞ ሲነሣ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጨምራሉ፣ ፍሪሲዮኑንም ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ግማሽ ለግማሽ ይይዙታል። በዚያች ጊዜ ሸራው በቮላኖው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ከባድ ክብ ብረት ላይ እየተንሸራተተ ይፋተጋል። ቀድሞ ሁለት ሰከንድ ይፈጅ የነበረው መንሸራተት አራት ሰከንድ ቢሆን ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚጨምር መገመት አያዳግትም። የአነዳድ ልማድዎ ባይለወጥም መኪናው ከእግርዎ የሚጠይቀው ተለውጧል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምርልዎ፦ የፍጥነት መቁጠሪያዎ አሁን አሳንሶ ይነግርዎታል። 80 ሲያሳይ መኪናው በሰዓት 89 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ነው።

የባሌስትራው ጉዳይ ከፍሪሲዮኑ ይልቅ ያሳስበኛል። መኪናውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አቁመው ከኋላ በኩል ሥሩን ይመልከቱ። በብዙ ፒክአፖች ላይ ከሻንሲው ላይ የተሰቀለ የጡጫ ግማሽ የሚያህል ብረት ታገኛላችሁ፤ ከእሱም ቀጭን ዘንግ ወርዶ ከኋላው አክስል ጋር ይያያዛል። ይህ የኋላውን የፍሬን ግፊት በጭነቱ ልክ የሚመጥን ቫልቭ ነው። መኪናው ተጭኖ ከኋላ ዝቅ ሲል ዘንጉ ቫልቩን ይከፍትና ለኋላ ጎማዎች ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ደግሞ ጎማዎቹ እንዳይታሰሩ ግፊቱን ይቀንሳል። እርስዎ ባሌስትራ ስላስጨመሩ መኪናው ተጭኖም ዝቅ አይልም። ቫልቩ ጭነት መኖሩን የሚያውቀው በከፍታው ብቻ ስለሆነ ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል፣ ሸክሙም በአብዛኛው የፊት ፍሬኖች ላይ ይወድቃል። ጭነት ሲበዛ መኪናው ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ረዝሞብዎት እንደሆነ ያስተውሉ። ባሌስትራ የሚጨምሩ ጋራዦች ይህን ዘንግ ዳግመኛ ሳያስተካክሉ መኪናውን ሲመልሱ በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ በእኔ እምነት ይህ ይቅር የሚባል ቸልተኝነት አይደለም።

ባሌስትራ መጨመር የተፈቀደውን ጭነት እንደማይጨምርም ይታወቅ። የአንድ ቶን ፒክአፕ 10 ኩንታል ይጭናል። ባሌስትራው ቢጠነክርም ፍሬኑ፣ የጎማው ኩሽኔታና ሻንሲው ያው የቀድሞዎቹ ናቸው። 18 እና 20 ኩንታል ሲጫንባቸው የኖሩ መኪኖች ሻንሲ ብዙውን ጊዜ የሚሰነጠቀው ከጋቢናው ጀርባ፣ የጭነት ሳጥኑ በሚጀምርበት አካባቢ ነው። መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ላይ የተሰመረ ፀጉር የመሰለ መስመር ስለሆነ በየጊዜው አጥበው ይመርምሩት።

አሁን ምን ያድርጉ? ወደ ቀድሞው ጎማ ቢመለሱ እመርጣለሁ። ጭቃው ካስቸገረዎ 235/75 አር 15 መካከለኛ መፍትሔ ነው፤ ከኦሪጅናሉ የሚበልጠው በ5 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን ለመግባት መቻሉን ግን ቸርኬዎን ይዘው ከጎሚስታው ጋር ይመልከቱ። የዲፈረንሻሉን ጥርስ አስለውጦ ትልቁን ጎማ ማቆየትም ይቻላል፤ ወጪው ግን ለጭነት መኪና የሚያዋጣ አይመስለኝም። ፍሪሲዮኑ ዳግመኛ ሲፈታ ቆመው ቮላኖውን በዓይንዎ ይዩ። ሰማያዊ ነጠብጣብ ወይም ቀጫጭን ስንጥቅ ካለበት ቶርኖ ቤት ሄዶ መላጥ፣ ስንጥቁ ጥልቅ ከሆነም መለወጥ አለበት፤ አዲስ ሸራ በተቃጠለ ቮላኖ ላይ ማሰር ገንዘብ መጣል ነው። ሸራው፣ የሚጨምቀው ዲስኮና ኩሽኔታው በአንድ ጊዜ ይለወጡ። ካምቢዮ ማውረዱ ነው ድካሙ፣ ስለዚህ በሦስት ጊዜ አያውርዱት። ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚያንጠባጥብ ጎሚኒም ካለ በዚያው ይታይ፤ ዘይት የነካው ሸራ አይድንም።

ከዚያ በፊት የአሁኑ ፍሪሲዮን ጤንነት በቀላሉ ይፈተናል። ከፊት ለፊትዎ ሰውም ግድግዳም በሌለበት ሜዳ ላይ የእጅ ፍሬኑን አጥብቀው ይሳቡ፣ 3ኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ጥቂት ነዳጅ እየሰጡ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ሞተሩ ወዲያው ተንገጫግጮ ከጠፋ ሸራው ይይዛል፤ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ግን ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ፈተናውን ደጋግመው አያድርጉት፣ ፈተናው ራሱ ሸራ ይበላል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ዱባይ 8 ዓመት ስሠራ የነዳሁት አውቶማቲክ ብቻ ነው። አገሬ ተመልሼ የችግኝ ንግድ ጀመርኩና ማኑዋል ፒክአፕ ገዛሁ። ሜዳ ላይ ችግር የለብኝም፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን መኪና ከኋላዬ ከቆመ ልቤ ይመታል። ባለፈው ሳምንት ወደ ኋላ ተንሸራትቼ ከአንድ ሚኒባስ ጋር ለጥቂት ተረፍኩ።

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ። በመልካም ዕድል ያለፈውን ነገር በልምምድ እናስተካክለው። አንቺ የጎደለሽ ድፍረት ሳይሆን የግራ እግርሽ ገና ያልለመደው አንድ ነጥብ ነው፤ ይኸውም ፍሪሲዮኑ መያዝ የሚጀምርበት ቦታ ነው።

ልምምዱን ሜዳ ላይ ጀምሪ። ናፍጣ መኪና በሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ በሚዞርበት ፍጥነት) ብቻ የመነሣት ጉልበት ስላለው ቀኝ እግርሽን ወለሉ ላይ አስቀምጪና ነዳጅ ፈጽሞ አትንኪ። 1ኛ ማርሽ አስገብተሽ ፍሪሲዮኑን ወረቀት በወረቀት ያህል ልቀቂው። የሞተሩ ድምፅ ዝቅ ሲል፣ የመኪናውም ኮፈን ጥቂት ቀና ሲል ትሰሚያለሽ፣ ታያለሽም፤ ነጥቡ እሱ ነው። እዚያ ላይ እግርሽን አቁሚ፣ መኪናው ራሱ ይሄዳል። ይህን 20 ወይም 30 ጊዜ ደጋግመሽ እግርሽ ሳታስቢው ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ ዳገት አትውጪ።

ዳገት ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬን ጓደኛሽ ነው። ስትቆሚ ሙሉ በሙሉ ሳቢውና ቀኝ እግርሽን ከፍሬን አንሥተሽ ወደ ነዳጅ መስጫው አዙሪ። 1ኛ አስገቢ፣ ጥቂት ነዳጅ ስጪ፣ ፍሪሲዮኑን እዚያ ነጥብ ድረስ ልቀቂ። የመኪናው ኋላ ቁጢጥ ሲል ለመሄድ እየታገለ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የእጅ ፍሬኑን ማውረድ ያን ጊዜ ነው። ከኋላ ያለው ሹፌር ጡሩምባ ቢነፋ ይንፋ፤ አንቺ ቅደም ተከተሉን አትዝለይ።

ሁለት ነገር ግን ከአሁኑ እንዳይለምድብሽ። አንደኛው፣ ሰልፍ ውስጥ ቆመሽ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ አንጠልጥለሽ መያዝ ነው፤ እንደተቃጠለ ጎማ ያለ ሽታ ከመጣ ሸራው እየነደደ ነውና የእጅ ፍሬን ስበሽ ፎሌ (ከማርሽ ውጭ) አድርጊው። ሁለተኛው፣ በጉዞ ላይ ግራ እግርን ፍሪሲዮኑ ላይ ማሳረፍ ነው። ክብደቱ አይሰማሽም፣ ኩሽኔታው ግን ቀኑን ሙሉ ይሽከረከርበታል። ማርሽ ቀይረሽ እንደጨረስሽ እግርሽን ወደ ወለሉ መልሺ።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ኮምቦልቻ ስመላለስ የጣርማ በርን ቁልቁለት በፎሌ እወርዳለሁ። ነዳጅ በጣም ተወዷል። ፍሬኔ ጥሩ ነው። ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ እባክዎን ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። ወጣት ሳለሁ ከደጀን ጤፍ ጭነን ወደ አባይ በረሃ ስንወርድ ሹፌሩ ልክ እንደ እርስዎ ፎሌ አድርጎ ለቀቀው። ግማሽ ቁልቁለት ሳይሆነን የጋለ ብረትና የሸራ ሽታ ጋቢናውን ሞላው፣ ከቀኙ የፊት ጎማ ነጭ ጭስ ወጣ፣ የፍሬኑ ፔዳልም እንደ ስፖንጅ ለስልሶ ወለሉ ድረስ ገባ። ሹፌሩ እየጮኸ 3ኛ፣ ከዚያም 2ኛ ማርሽ በግድ አስገባና ጎማውን ከተራራው በኩል ካለው ቦይ አስገብቶ አቆመው። በወንዙ በኩል ቢሆን ኖሮ ይህን መልስ አልጽፍልዎትም ነበር። ያ ሽታ እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

ስለ ነዳጁ እንነጋገር። በኤሌክትሮኒክ የሚቆጣጠሩ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱና እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባውን ነዳጅ ይዘጋሉ፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ለሚኒሞው ነዳጅ መጠጣት አለበት። ቆጥቤያለሁ ብለው የሚያወጡት እርስዎ ነዎት። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ የባሰ ነው፤ የፍሬኑ አጋዥ ከጥቂት ጊዜ መርገጥ በኋላ ያልቃል፣ መሪውም ይከብዳል።

ያንን ዳገት ቢወጡት ኖሮ በሚጠቀሙበት ማርሽ ይውረዱት። ጣርማ በር ላይ ተጭነው ከሆነ 2ኛ ወይም 3ኛ ነው። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ከዋሻው አካባቢ ይምረጡ፤ ፍጥነት ከያዙ በኋላ ዝቅ ማድረግ ሞተሩንም ካምቢዮውንም ይጎዳል። ፍሬኑን ያለማቋረጥ አለስልሰው ከመያዝ ይልቅ ጠንከር አድርገው ረግጠው ይልቀቁት፣ እንዲተነፍስ።

ጥያቄ፦ በፒክአፔ ላይ የብረት ቤት አሠርቼ ዝግ ላደርገው እፈልጋለሁ። ሊብሬ ላይ ችግር ያመጣብኛል?

መልስ፦ የተመዘገበውን የአካል ዓይነት፣ ሞተር፣ ሻንሲ ወይም ቀለም የሚነካ ማንኛውም ለውጥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መኪናውን ለመዘገበው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መቅረብ አለበት። አለበለዚያ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርቡ ይያዛል። የብረቱንም ክብደት ከሚጭኑት ላይ ይቀንሱ፤ 200 ኪሎ ቤት ከሠሩ 2 ኩንታል ቀርቶብዎታል።

ጥያቄ፦ ዝናብ ሲዘንብ በአስፋልት ላይ ኤች 4 (አራቱም ጎማ የሚጎትትበትን) አስገብቼ ስነዳ ቆየሁ፤ አሁን ግን ኩርባ ላይ መሪው ይታሰራል፣ ወደ ኤች 2 (የኋላ ጎማዎች ብቻ ወደሚገፉበት) ልመልሰው ስል ዘንጉ እምቢ ይላል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሳይበላሽ አይቀርም ብለው አይስጉ፤ ይህ የተለመደ ነገር ነው። በአብዛኞቹ የሥራ ፒክአፖች ላይ ኤች 4 የፊቱንና የኋላውን አክስል አንድ ላይ ያስራቸዋል፣ በመካከላቸውም ልዩነቱን የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። ኩርባ ላይ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የበለጠ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃና ጠጠር ላይ ጎማው ትንሽ ተንሸራትቶ ልዩነቱን ይከፍላል፤ የሚይዝ አስፋልት ላይ ግን መክፈያ ስለሌለው ጭንቀቱ በዘንጎቹና በጥርሶቹ ውስጥ ይጠራቀማል። መሪዎ የታሰረውና ዘንጉ እምቢ ያለው ለዚህ ነው። በጉልበት አይሳቡት። መሪውን ቀጥ አድርገው 5 ወይም 6 ሜትር ወደ ኋላ ይሂዱ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ያኔ ወደ ኤች 2 ይሞክሩት፤ ጭንቀቱ ሲፈታ ካምቢዮው ሥር አንድ ኳ የሚል ድምፅ ይሰማሉ፣ ዘንጉም በሁለት ጣት ይመለሳል።