ሄለባክ ዋንጫ ያበላናል ወይ? ስለ ዊኒፔግ ጄትስ በረኛ ጥያቄና መልስ

ሰላም ቤተሰብ። የከተማችን የሆኪ ቡድን ጄትስ በግንቦት 2025 በፕሌይኦፍ (ከሲዝኑ በኋላ ለዋንጫ በሚደረገው ጥሎ ማለፍ) በዳላስ ከተሸነፈ ወዲህ ዊኒፔግ ያለን ሐበሾች በተገናኘን ቁጥር የምንጨቃጨቀው ስለ አንድ ሰው ነው፣ ስለ በረኛችን ኮነር ሄለባክ። ሆኪ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ስለምከታተል ጥያቄ ያላችሁ አምጡ ብዬ ነበር፣ ይኸው የመጡትን ልመልስ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ እኔ ሆኪ ብዙም አይገባኝም፣ ቤት ውስጥ የሚያብደው ባለቤቴ ነው። ግን ሰውዬው የምር እንደሚባለው ጎበዝ ነው?

መልስ፦ አዎ እህቴ፣ የምር ነው። በ2024-25 ሲዝን 47 ጨዋታ አሸነፈ፣ የዓመቱ ምርጥ በረኛ የሚሸለመውን ቬዚና ለ3ኛ ጊዜ ወሰደ (በ2020ም በ2024ም ወስዷል)፣ ከዛ ደግሞ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ሃርት ተሸለመ። ሃርትን በረኛ ሲወስድ ከ2015ቱ ኬሪ ፕራይስ ወዲህ እሱ የመጀመሪያው ነው። ጄትስ በ116 ነጥብ ከሊጉ ሁሉ አንደኛ የወጣው በሱ ትከሻ ነው ብል አላጋነንኩም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፕሌይኦፍ ሲመጣ ለምንድነው የሚፈርሰው? ሴይንት ሉዊስ ሄደን 3 ጊዜ እኮ ተቀይሮ ወጣ!

መልስ፦ ወንድሜ ይሄ የሁላችንም ቁስል ነው፣ አልሸፍነውም። የሴይንት ሉዊሶቹ ብሉዝ ሜዳቸው ላይ 7 ለ 2፣ 5 ለ 1፣ 5 ለ 2 ነው የቀጡን፣ በሦስቱም ሄለባክ ተቀይሮ ሁለተኛው በረኛ ኮምሪ ገባ። በሲዝኑ ወደ ጎሉ ከሚመታ 100 ሹት 92 ወይ 93 የሚመልስ ሰው በፕሌይኦፉ ወደ 86፣ 87 ወረደ። ትንሽ ልዩነት ይመስላል ግን በአንድ ጨዋታ 28 ሹት ቢመጣበት በመጀመሪያው ሂሳብ 2 ጎል ነው የሚገባበት፣ በሁለተኛው ወደ 4 ይጠጋል፣ በዛ ደግሞ ማንም ዋንጫ አይበላም።

ምክንያቱን ካላችሁ እኔ የማየው እንዲህ ነው። ሄለባክ ቁመቱ 1 ሜትር ከ93 ነው፣ አጨዋወቱ ቁጥብ ነው፣ ብዙ አይወራጭም፣ ፓኩ (የሚመታው ክብ ጎማ) ከዱላ ሲነሳ አይቶ ቀድሞ ቦታውን ይይዛል፣ ፓኩም መጥቶ ደረቱ ላይ ያርፋል። ይሄ ሁሉ የሚሰራው ግን ካየ ነው። ብሉዝ ያደረጉት ፊቱ ላይ ሁለት ትልልቅ ሰው ማቆምና ከሩቅ እየመቱ መንገድ ላይ በዱላ አቅጣጫ ማስቀየር ነው፣ ቀድሞ ቦታ የያዘ በረኛ ፓኩ አቅጣጫ ከቀየረ በኋላ መመለሻ የለውም። እነዛን ሰዎች ከፊቱ ማንሳት የተከላካዮቹ ስራ ነው፣ አላነሱለትም። ሁሉም ግን በነሱ የሚላከክ አይደለም፣ በደህና ቀን ተኝቶ የሚይዛቸውም ገብተውበታል። አንዴ ከገባበት በኋላ ደግሞ ጎሉ ውስጥ እየጠለቀ ይቆም ነበር፣ ያ የመተማመን ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ቬዚና የወሰደ በረኛ ዋንጫ አይበላም የሚሉት እርግማን እውነት ነው?

መልስ፦ እርግማን ምናምን የለም ግን ነገሩ እውነት ነው። በአንድ ሲዝን ሁለቱንም የወሰደ የመጨረሻው በረኛ የቦስተኑ ቲም ቶማስ ነው፣ በ2011፣ ያኔ 37 ዓመቱ ነበር። ቬዚና የሚያስወስድህ ብዙ ሹት እየመጣብህ ቡድንህን ስታድን ነው፣ በረኛው ላይ እንዲህ የተንጠለጠለ ቡድን ደግሞ 4 ዙር ተጫውቶ 16 ጨዋታ ለማሸነፍ ይከብደዋል። በ2022 ኮሎራዶ ዋንጫ ሲበላ በረኛው ኬምፐር ተራ ፕሌይኦፍ ነው የተጫወተው፣ ፊቱ የነበሩት ግን እንደ ማኪናንና ማካር ያሉ ኮከቦች ናቸው።

ጥያቄ፦ አንተ ሁሌ ትከላከልለታለህ። ፍሎሪዳ በረኛው ቦብሮቭስኪ ስለነበረው ነው ሁለት ዓመት በተከታታይ የበላው፣ እኛ እንደሱ ያለ የለንም፣ ለምን አትቀበልም?

መልስ፦ አንተ ቦብሮቭስኪን ባትጠራው እኔ ልጠራው ነበር! ስለ ቦብሮቭስኪ ምን ይባል እንደነበር ረሳኸው? በኮሎምበስ እያለ በ2013ና በ2017 ቬዚና ወስዶ ፕሌይኦፍ ላይ ግን አይረባም ተብሎ ነበር። ፍሎሪዳ በ2019 በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር ለ7 ዓመት ሲያስፈርመው ገንዘብ ጣሉ ተባለ። የ2023ን ፕሌይኦፍ እኮ ተቀያሪ ሆኖ ነው የጀመረው፣ አሌክስ ላየን ነበር በረኛው። ከዛ ገብቶ ቦስተንን አስወጣ፣ ፍጻሜ ደርሶ በቬጋስ ተሸነፈ፣ ከዛ 2024ን በላ፣ 2025ን ደገመ፣ ዕድሜው 36 ሆኖ። የዋሽንግተኑ ሆልትቢም በ2018 ፕሌይኦፉን ቤንች ላይ ነው የጀመረው፣ ዋንጫውን ያነሳው ግን እሱ ነው። ሰው ከወደቀ አይነሳም ያለው ማነው?

የራሳችንንም አትርሱ። በ2018 ናሽቪል የሊጉ አንደኛ ሆኖ፣ የዓመቱን ቬዚና የወሰደው ሪኔ በረኛው ሆኖ፣ 7ኛውን ጨዋታ ሜዳቸው ላይ 5 ለ 1 ስናሸንፋቸው በመጀመሪያው ፔሬድ (ክፍለ ጊዜ) ተቀይሮ የወጣው ሪኔ ነው፣ እስከ መጨረሻው የቆመው ሄለባክ። በ2021ም ኤድመንተንን ከነኮከቡ ማክዴቪድ 4ቱንም ጨዋታ አሸንፎ ጠርጎ አስወጥቷል፣ አንዱን ጨዋታ 1 ለ 0 በተጨማሪ ሰዓት። ፕሌይኦፍ አይችልም የሚለኝ ሰው እነዚህን አላየም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ይሸጥና በገንዘቡ አጥቂ ይገዛ።

መልስ፦ አልስማማም። ውሉ 7 ዓመት ነው፣ በዓመት 8.5 ሚሊዮን፣ ለዚህ ደረጃ በረኛ ርካሽ ነው። ዊኒፔግ ትንሽ ከተማ ናት፣ ብርዱን ፈርቶ የማይመጣ ተጫዋች ስንት ነው፣ እሱ ግን ነጻ ሆኖ መሄድ እየቻለ ቀድሞ ፈርሞ ቀረ። እንዲህ ያለውን ሰው ሸጠህ በማን ልትተካው ነው?

ጥያቄ፦ ከሜዳችን ውጪ ሲጫወት ለምን እንዲህ ሆነ? እዚህ የሚሻለው እኛ ነጭ ለብሰን ስለምንጮህለት ነው?

መልስ፦ ጩኸቱ ይረዳል፣ ዳላስን እዚህ ሁለት ጊዜ 4 ለ 0 ዘግቷቸዋል። ከሜዳ ውጪ ግን በዛ ፕሌይኦፍ 6 ተጫውተን 6ቱንም ተሸነፍን፣ በስድስቱ ያገባነው በጠቅላላ 9 ጎል ነው። የመጨረሻውን ጨዋታ ዳላስ ላይ 2 ለ 1 በተጨማሪ ሰዓት ነው የተሸነፍነው። በመደበኛው ሰዓት 1 ብቻ የገባበትን በረኛ ምን ትለዋለህ? አጥቂዎቹስ የት ነበሩ?

ጥያቄ፦ በ2025 አጥቂያችን ኢለርስ ወደ ካሮላይና ሄደ፣ ቴውስ መጣ። ይሻላል?

መልስ፦ ኢለርስ መሄዱ ጎድቶናል፣ ያ ፍጥነት በቀላሉ አይተካም። ቴውስ የከተማው ልጅ ነው፣ ከቺካጎ ጋር 3 ዋንጫ በልቷል፣ ግን ሁለት ሲዝን ሳይጫወት ቆይቶ ነው የተመለሰው። ለልምዱ ደስ ብሎኛል፣ ጎል ግን ከሌላ ሰው ነው የምጠብቀው።

ጥያቄ፦ እሺ ቁርጡን ንገረን፣ ይችላል አይችልም?

መልስ፦ ይችላል፣ አምናለሁ። ግን በአንድ ሲዝን ከ60 ጨዋታ በላይ እሱን እያቆሙ አይሆንም። ለኮምሪ 25 ጨዋታ ይስጡትና ሄለባክ ሚያዝያ ላይ ትኩስ ሆኖ ይድረስ፣ ሁለተኛ ደግሞ ሰው ገፍቶ ከፊቱ የሚያነሳ ግዙፍ ተከላካይ ይምጣ። በሚቀጥለው ፕሌይኦፍ ከሜዳ ውጪ የመጀመሪያውን ጨዋታ ስታዩ ፓኩን ትታችሁ የሄለባክን እግር እዩ። ከጎሉ መስመር ወጣ ብሎ ከቆመ ተረጋግቷል ማለት ነው፣ ወደ ውስጥ ከገባ ግን አሰልጣኙ ሦስተኛው ጎል እስኪገባ መጠበቅ የለበትም፣ ቶሎ ታይምአውት ይጥራ።